ለውሻ የተፈቀደው «ቱ»

አባባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር አለፈ። ቤቱ እንደነበረ ነው ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆናል። እማዬ ካፖርቶችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታለች። ኮፍያህን ግን ደብቄ አስቀርቻለሁ፤ እንዳትነግርብኝ። መስኮቱ ስር ያለውን ወንበርህን ጓደኛህ ጋሼ ታዬ ወርሰውታል። «ላጽናናችሁ» ብለው በመጡ ቁጥር የምናጽናናቸው እኛ ነን። አልቅሰው፣ በልተው፣ ትንሽ አንቀላፍተው ይሄዳሉ።

ፈረንሳይኛ የሚያናግረኝ ሰው ግን የለም። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ስትሠራ የለመድከውን ቋንቋ እዚህ በሰው አገር፣ ሜድስቶን ባለው ኩሽናችን ውስጥ ስታስተምረኝ ሕግህ አንድ ነበር። ለታላቅ «ቩ» ነው፣ እንደኛ አንቱ። «ቱ»፣ ማለትም አንተ፣ የሚባለው ታላቁ ራሱ ሲፈቅድ ብቻ። በአማርኛ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንተ እያልኩህ ነው ያደግኩት፤ ጋሼ ታዬ «ኧረ ይቺ ልጅ፣ አያቷን አንተ ትላለች!» ብለው ሲቆጡ አንተ ትስቅ ነበር። በፈረንሳይኛ ሲሆን ግን ፍንክች የለም። «የቃል ፈተናሽን እለፊ፣ የዚያን ቀን በአፌ እፈቅድልሻለሁ» አልከኝ።

የጎረቤቱ ውሻ ትዝ ይልሃል? አፍንጫውን በአጥሩ ቀዳዳ ሲያወጣ «ቩ» ትለው ነበር፣ ገና አልተዋወቅንም ብለህ! በሦስተኛው ሳምንት ግን «ቱ» እንድትባባሉ ፈቀድክለት። እኔ የልጅህ ልጅ ወረፋ ይዤ ቆሜ ውሻ ቀደመኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፌ በእንግሊዝኛ ብቻ መለስኩልህ።

ባለፈው ሳምንት ፈተናውን አለፍኩ። ፈታኟ አነጋገርሽ የድሮ ጣቢያ ሹም ይመስላል ብላ ሳቀች። የዛሬ ወጣቶች እርስ በርስ እንዲህ አይከባበሩም አለች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የሰማችው አንተን ነዋ! ከትራም ወርጄ እየሮጥኩ በሩን ከፍቼ በፈረንሳይኛ «አለፍኩ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ታዬ ከወንበርህ ብድግ ብለው «ቦንዡር!» አሉኝ። «አለፍኩ» ላልኩት መልሱ ሰላምታ! ሌላ ቃል አያውቁም እኮ። ቦርሳዬን እንዳዘልኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እማዬ «በቃ፣ ከአሁን በኋላ ቱ በይው። ማን ይከለክልሻል?» አለችኝ። የከፋኝ እኮ እሱ ነው፤ የሚከለክለኝ የለም። መቃብርህ ጋ ሄጄ ልሞክረው ብል አፌ እምቢ አለኝ። ያልተሰጠኝን መስረቅ መሰለኝ።

ተመልሼ ለውሻው ነገርኩት። አሁንም ጠዋት ጠዋት አጥሩ ስር ይጠብቅሃል። እሱን «ቱ» አልኩት፤ ለእሱማ ፈቅደህለታል።

አንተን ግን «ቱ» አልልህም። ያንተን ፈቃድ ሌላ ሰው ሊሰጠኝ አይችልም። ጥርሴ ረግፎ እንደ ጋሼ ታዬ በሰው ወንበር ላይ የማንቀላፋ አሮጊት እስክሆን ድረስ ወረፋዬን አልለቅም። እስከዚያው በሥርዓቱ ነው የማስታውስህ፣ እንዳስተማርከኝ፣ «ቩ»ን በአማርኛ አንቱ ብዬ፦

አባባ፣ ናፍቀውኛል።