ሟርት ነው ብዬ የደበቅኩት ፎቶ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4
ሐምሌ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለኤሌኒ አባት፣ ለመርሻ፤

እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ዋለልኝ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ነገ ጠዋት ጭኖ ሲወጣ በሂርና ያልፋል። ምሳ አብላው። ምን እንደተጻፈበት አያውቅምና አትጠይቀው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ነው፤ ቢወላገድብህም ታገሠኝ፣ ተቀምጠህም አንብበው።

ከመጣሁ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ያረፍኩት ሻሼ የምትባል የደሴ ሴት ምግብ ቤት ጓሮ ነው። ሽንኩርት እልጥላታለሁ፣ እሷም ምንጣፍ ታነጥፍልኛለች። ሙቀቱን ተወው፣ አይወራም። ከየመን ጀልባ መጣ በተባለ ቁጥር ወደብ እሮጣለሁ። ሴት ስትወርድ ባየሁ ቁጥር የልጃችንን ፎቶ እያሳየሁ «ኤሌኒ መርሻን የሚያውቅ አለ?» እላለሁ። ኤሌኒ የሚባል ሰው የሚያውቅ የለም።

በዚሁ ጓሮ ከእኔ ሁለት ቀን ዘግይታ አንዲት ከየመኗ ኤደን የመጣች ስደተኛ ከሁለት ልጆቿ ጋር ተጠጋች። ኡሙልኸይር ትባላለች። ቤት ንብረት የነበራት፣ ሠራተኛ የነበራት ሴት ናት፤ ዛሬ የእኔን ምንጣፍ ጫፍ ትካፈላለች። የሚገርምህ፣ አማርኛ ትሰባብራለች። «ከየት ተማርሽው?» ብላት «ከሁዳ» አለችኝ። ሁዳ ሐበሻ ሠራተኛዋ ነበረች። ጦርነቱ ሰፈራቸው ሲገባ ውሃ እንድትቀዳ ላከቻት፤ መንገድ ላይ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወድቆ ገደላት። «እኔ ላክኋት፣ እኔ» እያለች ደረቷን ስትደቃ ልጆቿ አብረው አለቀሱ።

መርሻ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ልንገርህ። በልቤ «ተመስገን! ሁዳ ናት፣ የእኔ አይደለችም» አልኩ። ፎቶውን ላሳያት እጄን ወደ ጉያዬ ሰድጄ ነበር። የሞተ ሰው ወሬ በሚወራበት የልጄን ፊት ላወጣ? ሟርት ነው ብዬ መልሼ ሸጎጥኩት። ደግሞስ ልጃችን ወደ የመን ስትሄድ «ስሟን የቀየረች ልጅ ደጄን አትረግጥም» ብለሃት፣ «አልቀይርም አባዬ» ብላ በፊትህ ምላ የለ? ሁዳ የምትባል ልጅ ኤሌኒ ትሆናለች ብዬ ከየት ላምጣው?

እኛ የሐዋርያትን ጾም፣ እነሱ ረመዳንን ይዘው ስለነበር፣ እኔ በዘጠኝ ሰዓት መቅመስ ስችል እሷን ጠብቄ አብረን ነበር የምናፈጥረው። ቴምሯን ከፍላ ትሰጠኛለች። ታናሽ ልጇ ጭኔ ላይ ነው የሚተኛው። ደግ ሴት ናት፣ ወድጃታለሁ። ማታ ማታ እጇን ዘርግታ ስትጸልይ ሁዳ ሁዳ ስትል እሰማለሁ። አንድ ቀን «አንቺም ለምኚላት» አለችኝ። «ወገኖቿ ይለምኑላት፣ እኔ የራሷ ጭንቅ ያለባት ልጅ አለችኝ» አልኳት። አፌ ምነው ያኔ በተያዘ!

ዛሬ ጠዋት ኡሙልኸይር ኦቦክ ወዳለው መጠለያ እንድትሄድ ስሟ ተጠራ። ዕቃዋን ስትሸክፍ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አኖረች። ሻሼ ናት የተረጎመችልኝ። «ሁዳን በእጄ ነው ያጠብኳት። ይሄ በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ተሰፍቶ አገኘሁት። ክርስቲያን መሆኗን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ሞታም ምስጢሯን ጠብቄላት ነበር። እኔ ከዚህ ከሄድኩ ወገኖቿን ማን ያገኝልኛል? አንቺ የሃይማኖቷ ሰው ነሽ፣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለችኝ።

ፈታሁት። ማተብ ነው። ያ የወይራ መስቀል፣ ጥርስ ስታወጣ አንድ ጫፉን አኝካ የጨረሰችው። አንተ «ልቀይርላት» ስትል እኔ «ተወው፣ የጥርሷ ምልክት ነው» ያልኩህ።

ያኔ ፎቶውን አወጣሁ። ኡሙልኸይር እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

ሻሼ እንደምትለው ደላሎቹ የሙስሊም ስም ሳያወጡ አንድም ክርስቲያን አያሻግሩም፤ እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ልጄ አንተን ፈርታ ደበቀችን። አልረግምህም። ስትናገራት ቆሜ እየሰማሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ቀን ሙሉ ለልጄ ነፍስ የለመነችላት አንዲት ሙስሊም ስደተኛ ናት፤ እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ አንዲት ነፍስ ይማር ነፈገቻት። ይህን ለየትኛው ንስሐ አባት እናገረዋለሁ? ቆሜ ልጸልይ ስል ፊቴን ወዴት እንደማዞር ይጠፋኛል።

አባ ጸሐዬን ፍትሐት ለምንልኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው፣ እንዳትረሳው። የተቀበረችው ግን ሁዳ ተብላ በእስላም መቃብር ነውና እምቢ ካሉህ አትጣላቸው። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩት ጥላ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። በሕይወት ካገኘኋት ብዬ ነበር የተሳልኩት። አሁን ምን እንደምታደርገው እንጃ፣ እኔን አትጠይቀኝ።

ኡሙልኸይር ሄዳለች። መቼ እንደምመለስ አልጻፍኩልህም፤ አላውቀውም።

ማታ ማታ በሩን አትቆልፈው እያልኩ ስጨቀጭቅህ የነበረው፣ ድንገት ከመጣች ደጅ እንዳታድር ብዬ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ቆልፈህ ተኛ።

አምላክ ያጽናህ። ለእኔም አንተ ለምንልኝ፤ እኔ አልቻልኩም።

የሁዳ እናት፣
ጽጌሬዳ