አመድ ከመድፋትሽ በፊት

ከአመድ ሰፈር፣ መካኒሳ፣ ከወይዘሮ ቡዜ ጓሮ በታች
ጥር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሜ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጅሽስ እንዴት አደረ? እኔ፣ እናንተ እላይ ከሰል እስካነደዳችሁ ድረስ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ካልጠየቅሽኝ በቀር። የቀኝ ጆሮዬ ጫፍ ደግሞ ሰሞኑን ያሳክከኛል፤ በዚህ ርዝመቱ ለማከክም አይመች።

ወረቀትሽ ደርሶኛል። ያመጣልኝ ለታ ነው፤ ጎረቤታችን ለታ፣ ያ አፉ የማያርፈው። በቀትር ወጥቶ ከአመዱ ላይ አንስቶት፣ እኔ ጋ እስኪደርስ ድረስ እያነበበው መጣ። በሬ ላይ ቆሞ "እትዬ ትሩፋት! የፍሜን ልጅ አሞታል! እሑድ ክርስትና ሊያስነሱት ነው፤ እሷም አብራ ልትጠመቅ ነው!" ብሎ ጮኸ። እኔ ሳላነበው ሰፈሩ በሙሉ ሰማው። ማማሰያ አንስቼ ተነሳሁበት፣ አመለጠኝ እንጂ።

ይህን የምጽፍልሽ ባልሽ በጣለው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ጉተማ ግንበኛ መሆኑ ለዚህ ጠቅሞኛል። ወረቀቱ ሻካራ ነው፣ ከሰሌም እየተሰበረ አስቸገረኝ፤ ፊደሌ ቢንጋደድብሽ አርጅቼ እንዳይመስልሽ።

መጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ። "ልጄን አቦ ወስጄ ባስጠምቀው ጉዳት ያገኘዋል ወይ?" ብለሽኛል። አያገኘውም። እንዲያውም ሳትዘገዪ አስጠምቂው። ቀትር ሲሆን የሚያነደው ትኩሳት በሽታ አይደለም፣ ልጄ። ሐኪም ቤት ብትመላለሺም አያገኙትም። እኛ ነን። ግማሹ የኛ ነዋ! ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ የታች ሰው ከጉድጓዱ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ፣ ያ ግማሹ ወደ ቤቱ ልምጣ ይላል። የአባቱ ግማሽ ደግሞ አይለቀውም። አንድ ፍሬ ልጅ በሁለት በኩል እየተጎተተ እንዴት ይችለዋል? እንዲህ ሲጎተት ኖሮ ክረምትን የተሻገረ ልጅ እኔ አላየሁም። ውሃው ከነካው ግን መጎተቱ ይቆማል፤ ሙሉ ሰው ሆኖ ያድጋል። ስለዚህ እሑድ ይጠመቅ። አለቀ።

አንቺም ተጠመቂ። አማትሽ ወይዘሮ ቡዜ "የክርስትና ስምሽ ማነው?" ሲሉሽ እንዴት እንደተንተባተብሽ ከዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ። "ለሊሴ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ ወደ ቤቴ ከመግባትሽ በፊት ማን ይሉሽ ነበር?" ሲሉሽ ሻሽሽን ወደ ጆሮሽ ጎትተሽ ይሆናል፤ አውቅሻለሁ። ሌላ አማት ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ሰብስቦ "ጋኔን ናት!" ባለ ነበር። እሳቸው ግን "እንግዲያው ከልጁ ጋር አንቺም ትጠመቂያለሽ" ብለው ነገሩን ዘጉት። ምን እንዳወቁ፣ ምን እንዳላወቁ አላውቅም። ደግ ሴት ናቸው።

ደግነታቸው ግን አመድ ሲደፉ አይታይም! ትናንት ከነፍሙ ገለበጡት። አላስጠነቀቁ፣ አላሳሉ፣ ዝም ብለው ድፍት! የጋሽ ቦጋለ የኮንጎ ጫማ ጣራ ቀልጦ ተንጠባጠበ። የኔ የካሴት ክር መጋረጃ ተጨማዶ እንደ ኑግ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ቀረ። በዚያ መጋረጃ ስንት ዓመት ተፎካክሬበታለሁ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ ስትደፊ ግን ሰፈሩ ያውቃል። "ዞር በሉ!" ትያለሽ፤ ትንሽ ትጠብቂያለሽ፤ ከዚያ ከዳር ጀምረሽ ቀስ አድርገሽ። ሁሉም ከየቤቱ ብቅ ብሎ "የትሩፋት ልጅ ናት" ይላል። እኔም እንዳልሰማሁ ሆኜ በር ላይ እቆማለሁ። እንደዚያ ቀን የምኮራበት ቀን የለኝም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። "ጋሽ ቦጋለ ልጃቸውን የረሱት እሱ በመጠመቁ ነው የሚባለው እውነት ነው?" ብለሽ ጽፈሻል። ማን ነገረሽ ይህን? ለታ ነው፣ አይደል? ያንን ምላስ እኔ ነኝ የማሳጥረው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ቦጋለ ልጅ ሁንዴሳ እንዳንቺው እላይ ወጥቶ፣ ጎፋ አንድ ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ይሠራ ነበር። በየጊዜው ወረቀት ይልክላቸዋል፣ እሳቸውም ለሰፈሩ እየዞሩ ያነቡልናል፤ እስኪሰለቸን ድረስ። አምና የጥምቀት ዕለት ከጓደኞቹ ጋር ታቦት ሊሸኝ ወጥቶ የተባረከው ውሃ ተረጨበት። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቦጋለ ምሳ ሲያቀርቡ ሁለት ሰሃን ያቀርባሉ፤ ለማን እንደሆነ ግን አያውቁም። "ጋሼ፣ ይሄኛው የማን ነው?" ስላቸው "እንጃ፣ እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ" አሉኝ። እኛም "ልጅ አለዎት እኮ፣ ሁንዴሳ የሚባል" ብለን ነገርናቸው። ወረቀቶቹን አምጥተን አሳየናቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እኔ? መቼ ወልጄ?" አሉ። "ይሄ ልጅ ግን ጽሑፉ ያምራል፤ አባቱ ታድሏል" አሉ።

እርጅና ነው፣ ፍሜ። ሌላ አይደለም። ጫማቸውንም ይረሳሉ፣ ባለፈው ሳምንት የኔን ቤት የራሳቸው መስሏቸው ገብተው ተኝተዋል። እኔ እንደሳቸው አልጃጀሁም። ስለዚህ ይህን ሐሳብ ከጭንቅላትሽ አውጪው። የሚያጠባ ሰው በማይረባ ነገር አይጨነቅም፣ ወተቱ ይደርቃል።

ስለ ሰፈሩ ልንገርሽ። አዲስ ነገር ከተባለ፣ ከእናንተ ጓሮ አንድ ሙሉ ባትሪ ድንጋይ ወድቆልን ገበያው መሃል አቁመነዋል፤ ልጆቹ ጀርባቸውን እያስደገፉ ቁመታቸውን ይለኩበታል። ጉተማ ቡታጋዝ ሊገዛ ነው የሚል ወሬ አለ። ይግዛ፣ ጭሱም ለልጁ ደግ አይደለም። ብቻ ከሰሉን ጨርሳችሁ አትተዉት፤ ሰፈሩ በብርድ ያልቃል።

የለታ ሚስት ወለደች፣ ሴት። ያቺን የልጅነት አልጋሽን፣ የሰርዲን ቆርቆሮዋን፣ ለነሱ ሰጠኋቸው። ጠርዟን በጨርቅ የጠቀለልኩልሽን፣ እግርሽ ደርሶ ሲተርፍ እንኳ አልለቅም ብለሽ ያለቀስሽባትን። እንዳይከፋሽ። ምን ላድርጋት? ከእሑድ በኋላ እያየኋት "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" እያልኩ ከምጨነቅ

ይህችን መስመር ሰርዤያታለሁ። አታንብቢያት።

እሺ። አንብበሻታል። አንቺ መቼ ነው አታንብቢ ሲሉሽ የምትተዪው? ፈርቻለሁ፣ ፍሜ። ይኸው አልኩት። ከሰሌን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ተነስቻለሁ፤ ቤት ጠርጌ፣ የተጠረገውን ደግሜ ጠርጌ ተመልሻለሁ። ሰሞኑን ሥራ ስሠራ ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ለታ በመስኮት ብቅ ብሎ "ማንን ነው የሚጠሩት?" ይላል። "ድምፄን እየሞከርኩ ነው" እለዋለሁ።

ስምሽን እንዴት እንዳወጣሁልሽ ነግሬሽ አውቃለሁ? መቼም የኛ ሰፈር ስም ሁሉ ከላይ የወደቀ ነው። ልጅ ሲወለድ ጆሯችንን እናቀናለን፤ እላይ ማን ሲጠራ ከሰማን ያንን ይዘን እንገባለን። እኔን ትሩፋት ያሉኝ አንዲት ሴት ልጇን ለሥራ እየጠራች ሳለ ተወልጄ ነው። ጋሽ ቦጋለም እንዲሁ፣ የሆነ ቦጋለ የሚባል ሰው ሰክሮ ሲገባ ሚስቱ ስትጮህበት። አንቺን ስወልድ ግን ዶፍ ዝናብ ነበር። ማንም ማንንም አልጠራም። ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ ዝም። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረው፣ "እንግዲህ ያለ ስም ትደር" አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ከላይ የወረደው አመድ ሁሉ ረጥቦ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ፍም ብቻ ሳትጠፋ ቀርታ ነበር። እሷን እያየሁ ፍሜ አልኩሽ። አመድ ሰፈር ውስጥ ከሰው ያልወሰድነው ነገር ያ ስም ብቻ ነው። የኔ ነው። እሱን ማጣት ነው የከበደኝ።

የወጣሽ ቀን ደግሞ ትዝ ይልሻል? ጉተማ መሠረት ሲቆፍር በቀትር ልታዪው ወጥተሽ፣ ቆሎ ዘግኖ ሰጠሽ። ጨው ያለበት ቆሎ! ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ ከላይ ሰዎች ጨው አትቅመሺ ብዬ! ስትመለሺ ገላሽ መግዘፍ ጀምሮ ቀዳዳው አላሳልፍሽ አለ። ትከሻሽ ተቀርቅሮ፣ እግርሽ ከዚህ ተንጠልጥሎ፣ "እማዬ ሳቢኝ!" ብለሽ ጮኽሽ። ስቤሽ ነበር፣ በሁለት እጄ፤ አጥንትሽ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ለቀቅኩሽና ከሥር ገፋሁሽ። ስወልድሽ እንኳ እንዲያ አልገፋሁም። ጎረቤቱ ሁሉ "ምን ነካሽ፣ ልጅሽን?" አለኝ። መጣሽልኝ ብዬ እዚሁ ሰብሬ ላስቀርሽ ነበር? እሑድም ያው ነው። ይኸው እየገፋሁሽ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረኝ። እንዳትይዥኝ።

ቅዳሜ በቀትር ልጁን ወደ አመዱ ይዘሽው ውጪ ልልሽ ነበር። ጉሎው ሥር ተደብቄ ላየው። ሐሳቡን እንደያዝኩ አደርኩ፣ ነጠላዬንም አጥቤ አሰጣሁ። ግን ወደኛ በቀረበ ቁጥር መጎተቱ ይብስበታል። አትምጪ። ሲያለቅስ እሰማዋለሁ፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ በጤናው ቢያድግ ሰፈር የሚያስደነግጥ ይሆናል። በቃኝ። ጆሮው ግን እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። የኔ ዓይነት ከሆነ ደብቂው፣ የአባቱ ዓይነት ከሆነ ተመስገን በይ። ብቻ ከእሑድ በፊት ጻፊልኝ፤ ለታ ቅዳሜም አርብም ይወጣል።

ከእሑድ በኋላ ወረቀት አትላኪ። አመዱ ላይ ቆመሽም "እማዬ" እያልሽ አታልቅሺ፤ አማትሽ ይሰማሉ። ለታ "ልንገራቸው" ቢል አስቁሜዋለሁ፤ በጋሽ ቦጋለ አየነው፣ አይጠቅምም። ደግሞ እኔ እስቃለሁ። አንቺ ላይ ስስቅ ለታ እንዲሰማኝ አልፈልግም።

ልጅሽ ይደግልሽ። ጉተማ ከግንብ ላይ አይውደቅ፣ የቤቱ ሰው ይሁን። አማትሽን አክብሪ፣ ከነፍሙ መድፋታቸውን ግን ቀስ አድርገሽ አስተዪአቸው። ምድጃሽ አይጥፋ። ማንነትሽ እንዳይታወቅ ጥርስሽን አትግለጪ ብዬሽ የነበረውን ረስተሽ፣ ከአሁን በኋላ እንደ ልብሽ ሳቂ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሰኞ ጠዋት አመድ ስትደፊ እንደ ድሮው "ዞር በሉ" በይ። ትንሽ ጠብቂ፣ ከዳር ጀምረሽ ቀስ አድርገሽ ድፊ። ከታች አንዲት አሮጊት ብቅ ብላ "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት? እንዲህ አድርጋ ያሳደገቻት እናት ትባረክ!" ስትል ብትሰሚ፣ ያንቺው ነኝ ብለሽ አትመልሺላት። አሜን በያትና ግቢ።

እናትሽ
ትሩፋት