ጫልቱ ያልጠረገችው ምልክት

እሁድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ጎባ ሄጄ ጫልቱን በቴኒስ አሸነፍኳት። ወደ ቤት ስመለስ እስከ ሮቤ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ እግሬን ማጠፍ አቅቶኝ ነበር። እማዬ ለብ ያለ ውሃ በጨው አቀረበችልኝ፤ አሁን እግሬን ዘፍዝፌ ነው የምጽፈው። ሕመሙ እየለቀቀኝ ነው። የማይለቀኝ ሌላ ነገር ነው።

እኛ ጋ ዳኛ የለም። ኳሱ በእኔ በኩል ካረፈ እኔ፣ በእሷ በኩል ካረፈ እሷ እንፈርዳለን። የመጨረሻው ኳስ እኔ ጋ፣ መስመሩ አጠገብ አረፈ። ውስጥ ነው ብል ጨዋታው ይቀጥላል፤ እኔ ደግሞ የምቆምበት ጉልበት አልነበረኝም። "ውጪ!" አልኩ። ጫልቱ "እሺ" ብላ ጨበጠችኝ።

አሰልጣኛችን ኮች ከድር ከጨዋታ በኋላ ቁጭ ማለት አይወድም። "ቀስ ብላችሁ ሜዳውን ጥረጉ፤ ጡንቻም ንዴትም የሚበርደው እንደዛ ነው" ይለናል። ስለዚህ ቦታ ተቀያይረን፣ እኔ የእሷን፣ እሷ የእኔን ግማሽ ጆንያ እየጎተትን ጠረግን። ጨርሼ ቦርሳዬን ላነሳ ስመለስ ጫልቱ ሄዳለች። በእኔ በኩል ያለው አፈር ጥርግ ብሏል። መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ሳትነካ ትታለች። ኳሱ ያረፈበት ምልክት እዚያ አለ፣ ከኖራው መስመር ወደ ውስጥ።

ቅድም ኮች ደወለ። "አካም ጅርታ? አረፍሽ ወይ?" አለኝ።

"አልሐምዱሊላህ፣ እግሬ ደህና ነው" አልኩት።

ምልክቱን ያጠፋሁት በዚሁ እግሬ ነው።