የክርስትና ስሙን ይላኩልኝ

ይድረስ ለማላውቅዎት እናቴ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ፣ እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? ደብዳቤዬ ሐዘን ቀስቅሶብዎት እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ። እኔ፣ ባለቤቴ ዘመኑና ልጃችን መባ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና የሆንነው ደግሞ በልጅዎ ነው፤ የምጽፈውም ይህንኑ ልነግርዎት ነው።

እኔ የፎገራ፣ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነኝ። አምና ኅዳር ወፍ ሩዛችንን ሳናጭደው ሲፈጅብን፣ ልጅዎ መድኃኒት በምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን መጣልን። ከግጦሽ ሜዳችን እየተነሣ ተመልሶ እዚያው ያርፍ ነበር። ከላይ እጁን ሲያውለበልብልን እናየዋለን እንጂ ስሙን እንኳ አናውቅም። ይርጋለም መባሉን የሰማሁት በቀደም ነው፣ የወደቀችውን አውሮፕላን የቀረ ብረት ሊወስዱ ከመጡት ሰዎች። አድራሻዎንም የሰጡኝ እነሱ ናቸው።

አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናገር። አውሮፕላኗ የወደቀች ዕለት ጠዋት፣ በሬዎቻችን ከጩኸቷ በርግገው ነዶውን ረገጡብኝ። ተናድጄ ድምፅሽን ያጥፋው አልኳት። ከሰዓት በኋላ ሃያ ስምንት ሰው ሆነን በደቦ ስናጭድ ከሜዳው ተነሣች፤ ከባሕር ዛፉ ከፍ ሳትል ድምፅዋ ጠፋ። ማጭዴን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። መምሬ ዓለምነህ፣ የደብራችን ቄስ፣ እግዚአብሔር በአንቺ ምላስ አይሠራም ብለው ተቆጥተውኛል። እኔ ግን ለእርስዎ ካልነገርኩ አይወጣልኝም።

ፊት ለፊቱ የነበረው እኛ ያለንበት ደረቅ ማሳ ነው። እኛ ላይ ቢያሳርፋት ለእሱ ይሻለው ነበር፤ አገሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። መባ ያኔ የአራት ወር ልጅ ነች፤ ከነዶው ጥላ ሥር አስተኝቻታለሁ። ልጅዎ አየን። ማየቱን አውቃለሁ፤ ወደ ግራ ጠመዘዛትና ውሃው ገና ወዳልሸሸበት ረግረግ ይዟት ወረደ።

ሮጠን ደረስን። እነ ዘመኑ ከጭቃው አውጥተው ደረቅ መሬት ላይ አስተኙት፤ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ብቻውን ሞተ ብለው ነግረውዎት እንደሆነ ውሸት ነው። ከንፈሩን አረጥብለት፣ ፊቱን በነጠላዬ እጠርግለት ነበር። አብረውን ሲያጭዱ የነበሩት መምሬ ዓለምነህ ጎንበስ ብለው፣ ልጄ፣ በጸሎት የማስብህ በማን ስም ነው፣ የክርስትና ስምህ ማነው ብለው ጠየቁት። ሁለት ጊዜ መለሰ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

መምሬ አንድ ጆሯቸው አይሰማም። ወልደ ሐና አለ፣ አሉ። ፍትሐቱም በዚያው ስም ሆነ፤ ሃያ ስምንታችን እህል አዋጥተን የደገስነው የአርባ ቀኑ ተዝካርም እንዲሁ።

እኔ የሰማሁት ግን ወለተ ሐና ሲል ነው። የሴት ስም። ለዘመኑ ብነግረው፣ ምላስሽ አልበቃ ብሎ ጆሮሽ ደግሞ ቄስ ማረም ጀመረ ወይ ብሎ ሳቀብኝ። አፍሬ ለመምሬ ሳልነግራቸው ቀረሁ። አሁን ሙት ዓመቱ ሲደርስ ግን ሆዴ እንቢ አለኝ። ይህን ሁሉ ሰው ያተረፈ ልጅ በገዛ ስሙ ሳይጠራ እንዴት ዓመት ያልፈዋል?

መባ አሁን ቆማ ትሄዳለች፣ ዶሮ ታባርራለች። አፏንም ፈታለች፤ እንደ እናቷ ምላሰኛ ልትሆን ነው ይላል አባቷ። ባየኋት ቁጥር እርስዎን አመሰግናለሁ። እንዲያ ያለ ልጅ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ ለእኛ የደረሰልን ከእርስዎ ቤት ወጥቶ ነው። ምን ብዬ ልክፈልዎት?

ለሙት ዓመቱ ቢመጡልን ወረታ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነም ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዤዎት እወርዳለሁ፤ ለእናቴ ያደረግኩትን ለእርስዎ አላጎድልም። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ሐዘንዎን ያቅልልዎት፣ ደጅዎ ሰው አይጣ።

መምጣቱ ባይሆንልዎት የልጅዎን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፈው ይላኩልኝ። እባክዎን ከጎኑ የእርስዎንም የክርስትና ስም ይጻፉበት። ሲጨንቀው እናቱን የማይጠራ ልጅ የለምና፣ ለምን እንደጠየቅኩዎት ሲጽፉት ይገባዎታል።

በልጅዎ የተረፈችው፣
የፎገራዋ ልጅዎ