በአባባ ልክ የተቆረጠው ፍራሽ

ይድረስ ለእታለሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ እንዴት ይዞሻል? አባባን ስታነሺና ስታስተኚ ያ የድሮው ሕመም እንዳይነሳብሽ እሰጋለሁ። ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? በየክረምቱ የሚያፈሰው የማድቤታችሁ ጣሪያስ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? ከሁሉም በላይ አባባ እንዴት ሰነበተ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል? ምግብስ ይቀምሳል? እኛ በጤና በኩል ተመስገን ነው። ባለቤቴም ልጄም ደህና ናቸው፤ የእናንተ ናፍቆት ብቻ ነው የበዛብን።

ይህን ደብዳቤ ከአባባ ክፍል ወጥተሽ፣ ብቻሽን ተቀምጠሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ስልኩ የሚውለው አባባ ትራስ ሥር ነው። ስደውል እሱ ያነሳል፤ አንቺ ብታነሺም «ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ» ይላል። ባለፈው ስደውል ምን እንደምለው ጠፍቶኝ «ዝናቡ ጋብ እስኪል ነው» አልኩት። «ደግ አደረግህ፤ እንጨትና መንገድ ችኮላ አይወዱም» ብሎኝ ሳቀ። ሳቁን ስሰማ እውነቱን ሳልነግረው ስልኩን ዘጋሁ። ስለዚህ ጽፌ፣ ወደ እናንተ ጨው በሚያመላልሰው ሾፌር እጅ ልኬልሻለሁ።

አንቺ ነገር መዞር አትወጅምና ዋናውን ላስቀድም። አልመጣም። መኪናው ተሰብሯል፤ ለአባባ የተያዘው አልጋም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

እንደምታውቂው፣ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም የለም። በዚህ ወር ግን አንድ የአጥንት ሐኪም ለአጭር ጊዜ ከሌላ ቦታ መጥቶ ነበር። የላክሽልኝን የአባባን እግር ቁስል ፎቶ ባሳየው አተኩሮ አየውና፣ መግሉ ወደ አጥንቱ እየገባ ነው አለኝ። በዚያው ሳምንት ከተከፈተና ከጸዳ እግሩ ሊተርፍ እንደሚችል፣ ከዘገየ ግን እግሩን ትቶ ሰውየውን ማትረፍ ብቻ እንደሚቀር ነገረኝ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ አንሶላዋን ሁልጊዜ በደንብ አጥቤ፣ በጊዜ ስለማደርስላት ትወደኛለች። «እስከ ዓርብ አልጋ ይዤልሃለሁ። ከዓርብ በኋላ ግን እንዳትለምነኝ፤ ሐኪሙም ይሄዳል፣ እኔም አፍራለሁ» አለችኝ።

እኔም ሌት ተቀን ስዘጋጅ ሰነበትኩ። ልጄ «ሽማግሌው» ከምትለው መኪናችን የኋላ ወንበሩን ነቅዬ ጣልኩ። አባባ በዚሁ በጨው ሾፌር የላከልኝን ሲባጎ ታስታውሻለሽ? አንደኛው ቋጠሮ ቁመቱ፣ ሁለተኛው ከዳሌው እስከ ተረከዙ። ሜትር አለኝ ብለው መቼ ሊያምነኝ። «ሜትር እንደ ገዢው ነው፤ ሲባጎ ግን አይዋሽም» አለኝ። በሲባጎው ልክ ስፖንጅ ፍራሽ ቆረጥኩ። ከኋላ ጎማዎቹን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ ስለሚያብጥ፣ ፍራሹን በሁለቱም ጎን እንደ ግማሽ ጨረቃ ቀደድኩት። ባለቤቴ ከአሮጌ መጋረጃ ልብስ ሰፋችለት። ልሞክረው ብዬ ተኛሁበትና እሷ እየነዳች ሰፈሩን አዞረችኝ። የመንገዳችን ባለሱቅ በመስኮት አየችኝና «ምነው ጎረቤት፣ ሳንሰማ ሞትክ እንዴ?» ብላ አሳቀችን። እግሬን ዘርግቼ አንድም ቦታ አልነካኝም ነበር። አባባ እንደ ንጉሥ ይመጣል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ስለ ጉድጓዱ ልንገርሽ። ከሰፈራችን መውጫ፣ ከመታጠፊያው ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ስንገባ የሳህን ያህል ነበር፤ ዛሬ ጥጃ ይተኛበታል። ለምን አትደፍኑትም ትይኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ደፍነነው ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ድንጋይና ጠጠር ሞላበት። የመንገድ ሥራ ሰዎች መጥተው አዩና «እናንተማ ጠግናችሁታል፤ ተራው የሌላ ሰፈር ነው» ብለው ሄዱ። ዝናቡ ወር ሳይሞላው ጠጠሩን ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ፣ እነሱ እስኪመጡ አንዲት ጠጠር እንዳንጥል ተስማማን። ሰው እንዳይገባበት ብቻ ረጅም እንጨት ተክለን ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንበት። ሁላችንም እንጨቱን እያየን በግራው እናልፋለን።

እኔ ወደ እናንተ ልነሳ በነበረበት ዋዜማ፣ የሰፈሩ ሊቀመንበር በባለሱቋ በረንዳ ላይ ሰበሰበን። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ዛሬም ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስላል። በማግስቱ መሐንዲስ መጥቶ ጉድጓዱን እንደሚያይ ከነገረን በኋላ «እንጨቱ ይነቀል» አለ። «እንጨት ካየ፣ ምልክት አለው፣ አደጋ የለውም ብሎ ያልፈናል። ጉድጓዱን በመልኩ ይየው።» ሁሉም እጅ አወጣ። እኔም አወጣሁ። እንዲያውም ባለሱቋ ወደ እኔ ዞራ «አንተ በጠዋት ትወጣ የለ፣ እንዴት ልታደርግ ነው?» ብትለኝ «ያንን ጉድጓድ ዓይኔን ጨፍኜም አልፈዋለሁ» አልኳት።

እታለሜ፣ ለካ ጉድጓዱን አላውቀውም ኖሯል። የማውቀው እንጨቱን ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መታጠፊያው በሙሉ አንድ ውሃ ሆኗል። ፍራሹን አንጥፌ፣ ውሃና ብርድ ልብስ ጭኜ ወጣሁ። ወዴት እንደምይዝ ስፈልግ እንጨቱ የለም። በግምት ወደ ግራ ያዝኩ። የፊት ቀኝ ጎማው ገባ። ደንግጬ ልወጣ ነዳጅ ብረግጥበት የኋለኛውም ተከተለው። ሁለት ጊዜ ሲጮኽ ሰማሁ፤ ሁለተኛው ድምፅ እንደ ሸክላ ስባሪ ነበር። ወርጄ በእጄ ዳሰስኩ። የፊተኛው ጎማ ጎኑ ተተርትሮ እጄ ወደ ውስጥ ገባ፤ ብረቱም እንዳይቃና ሆኖ ተጣሟል። ከኋላ ደግሞ ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ቸርኬው፣ ከብሎኑ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል። ቅያሪ ጎማ ያለኝ አንድ ነው።

በክሪክ ለማንሳት ስንታገል መሐንዲሱ ጃንጥላ ይዞ ደረሰ። ቦት ጫማውን ከውሃው ጫፍ ላይ አቁሞ ተመለከተና «ይህ ጉድጓድ አይደለም፣ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ የእኛ ሥራ አይደለም፤ የፍሳሽ ክፍሉን ጠይቁ» አለ። ሊቀመንበሩ «ታዲያ ይህ መኪና የተሰበረው ዋና ሲማር ነው?» ቢለው፣ ሰውየው ሳይቆጣ «ሲደርቅ እንመለሳለን» አለ። ባለሱቋ «ሲደርቅማ አቧራ ነው ትሉናላችሁ!» ብላ ጮኸችበት። እሱ ግን ሄዷል።

ጎማ ጠጋኙ፣ ሰፈሩ «ንፋሴ» የሚለው ጎሚስታ፣ ሁለቱን አገላብጦ አያቸው። «መሬት የሚረግጠው በኩል ቢበሳ እለጥፍልሃለሁ። ጎን ግን ሆድ ማለት ነው፤ የተቀደደ ሆድ ተለጥፎ መንገድ አይሄድም» አለኝ። ባለችኝ ቅያሪ የፊቱን ተካንና በኋለኛው ቸርኬ ላይ ተጣበቅን። በብየዳ ይያዝልኝ ብዬ ለመንኩት። ስንጥቁን በጣቱ ተከትሎ አየና «ሰፈር ውስጥ ሽንኩርት ልታመላልስበት ከሆነ ይበየድ። አባትህን አስተኝተህ ያንን ቁልቁለት ልትወርድበት ከሆነ እጄን አላስገባም። ሌላ ጋ ሂድ፤ ስሜን ግን እንዳታነሳ» አለኝ። በወቅቱ ጠላሁት። አሁን ሳስበው ከተናገሩኝ ሰዎች ሁሉ ለአባባ ያሰበው እሱ ነው።

ከዚያ አሮጌ መኪና የሚፈታታበትን ጓሮ ሁሉ አዳረስኩ። የእኛ ሽማግሌ ቸርኬ አምስት ቀዳዳ ነው፤ ያገኘሁት ሁሉ አራት። አምስት ቀዳዳ ያለው ሲገኝ ደግሞ ለጭነት መኪና የተሠራ ነው። አንዱ ባለጓሮ ቸርኬዬን እንደ ሙዚየም ዕቃ እያየ «ይህን መኪና ዛሬም የሚነዳ ሰው አለ?» ብሎ ጓደኞቹን ጠራብኝ። የሆስፒታሉ አምቡላንስ ከከተማ አይወጣም። መኪና የሚያከራዩትም የእናንተን መንገድ ስነግራቸው በዚህ ዝናብ አንወርድም አሉ። በአውቶቡስ እንዳይመጣ እግሩ አይታጠፍም፤ በጭነት መኪና ያደረጋችሁትን ሙከራማ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ገና ከሰፈር ሳትወጡ በጩኸቱ ነው የተመለሳችሁት። ዓርብም መጣ፣ አለፈ። ሐኪሙ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ከማጠቢያ ክፍላችን መስኮት አየሁት።

አልጋው ላይ ሌላ ሰው መተኛቱን ማንም አልነገረኝም። የዚያ ክፍል አንሶላዎች ጠርዛቸው ሰማያዊ ነው። ትናንት ጠዋት ከሚታጠበው ክምር ውስጥ ሰማያዊ ጠርዝ አገኘሁ፤ የሰው ላብ ነክቶታል። አጠብኩት፣ ተኮስኩት፣ አጥፌ ላክሁት። ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ?

ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። ወንበር ብንሰጠው አልቀመጥም ብሎ ከበሩ ላይ ቆሞ «ልጄ፣ እንጨቱን በእጄ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ። እኔም እጄን እንዳወጣሁ ነገርኩት። ዛሬ እንጨቱ ተመልሶ ቆሟል፤ ጨርቁም አዲስ ነው፣ ከሩቅ ያበራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

አሁን የምልሽን ልብ አድርገሽ ስሚኝ። ነርሷን ጠየቅኋት። በእናንተ አቅራቢያ ያለው ሆስፒታል እግሩን ማዳን አይችልም፤ መቁረጥ ግን ይችላል አለችኝ። ትኩሳቱ ከጨመረ፣ ወይም ከቁስሉ በላይ ያለው ቆዳ ከጠቆረ፣ አንድ ቀን እንዳታሳድሩት። እኔን እንዳትጠብቁ። ጎማ ይገኝ ይሆናል፣ ሌላ ሐኪም ይመጣ ይሆናል እያልኩ ልሸነግልሽ እችል ነበር፤ ግን የአባባን እግር የሚጠብቅ ጎማ የለም። በመሰላል ላይ ዕድሜውን የጨረሰ አናጢ በአንድ እግር እንዴት እንደሚኖር አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ምናልባት ከሁላችንም በፊት እሱ ያውቅ ይሆናል።

ለጋሼ ከትልቅ አክብሮት ጋር ሰላም በይልኝ፤ አባባን ተሸክሞ ሲያወጣና ሲያስገባ ያለ እኔ ብቻውን መሆኑን አልረሳሁም። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ለአያቷ ታነብለት የነበረውን አታቋርጥ። ለትንሹ ልጅሽ ለኩርፌው ደግሞ አጎትህ መኪና ውስጥ አስቀምጦ መሪ ያስይዝህ ነበር፣ ባይሆንለት ነው በዪው፤ እንደ ልማዱ ያኩርፍ። ጎረቤታችሁን እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤቴና ልጄ ሁላችሁንም በጣም ናፍቀዋችኋል።

ለአባባ ሰላምታ አልጻፍኩም። ሾፌሩ ከደብዳቤው ጋር ፍራሹን ያወርድልሻል። ሥሩ አንጥፊለት፤ ስፖንጁ ጥሩ ነው፣ ጀርባውን ያሳርፈዋል። እሱ መቼም ዕቃ ሳይዳስስ አይተኛም። እጁን በጎኑ ሲያስኬድ ግማሽ ጨረቃዋን ያገኛታል። «እኔ በላክሁት ሲባጎ ይህ ጉድለት የለም፤ ይህ ለምን ተቆረጠ?» ብሎ ይጠይቅሻል። ያን ጊዜ፣ ለመኪናው ጎማ ቦታ ነው በዪው። የቀረውን ራሱ ይደርስበታል።

ወንድምሽ

ከመኝታ ክፍላችን መስኮት ሥር፣ ሽማግሌው በድንጋይ ተደግፎ ከቆመበት ትይዩ
ሐምሌ 23