ስለ እንግዳው ሽንት ቤት ቁልፍና ስለ ጅራፍዎ

ለክቡር ርዕሰ መምህር አብዱልሃዲ፤

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ክንድዎንም ድካም አያሳየው፤ ባለፈው ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ እጅግ ስለለፋ ስለ እርሱ ደኅንነት ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ የኢሕሳን አባት፣ አናጢው ቲጃኒ ነኝ።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት በንጽሕና ስለጠበቁልን ከልብ አመሰግናለሁ። ወላጅ አዋጥቶ ያሠራውን፣ በሩንም እኔው የገጠምኩትን ያንን ቤት፣ ከወረዳ ለሚመጡ እንግዶች ብለው ቆልፈው፣ ልጆቻችን ከጀርባ ባለው የቡና ማሳ እንዲጸዳዱ፣ በዚያው አፈር እንዲጫወቱ፣ በዚያው እጅ ማንጎ እንዲልጡ ፈቅደዋል። ወስፋት እንዲህ ያለ መስተንግዶ ከየት ያገኛል?

ሁለተኛ፣ ልጄ ከማሳው ስትወጣ አግኝተው፣ የሰው ቡና አቆሸሽሽ ብለው በተማሪው ሁሉ ፊት ስለገረፏት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆዷን ይዛ እንደቆመች መቷት፤ ወድቃም መቷት። አስመልሷት በአፏ ወስፋት ሲወጣ ግን ጅራፉን ሰብስበው፣ «አያችሁ፣ ጅራፍ ከኪኒን ይበልጣል» ብለው ሰልፈኛውን አስቀዋል። የጅማ ሐኪሞች ይህን ጥበብ ስላልሰሙ ሆዷን ቀደው አንጀቷን የዘጋውን የትል ጥቅል አወጡ። ስትነቃ ሐኪሟ ትምህርት ቤታችሁ ሽንት ቤት የለውም ወይ ብትላት፣ «አለው፤ ግን የእንግዳ ነው» አለቻት።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። በዚያች ሰዓት ፊቴ ቢቆሙ ኖሮ ጅራፍዎን አንገትዎ ላይ ጠምጥሜ ይህን ደብዳቤ ከእስር ቤት በጻፍኩልዎ ነበር።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ምስጋና ስላስቀረሁ ይለፉኝ። እስከ መጪው ሰኞ ሰልፍ በሩ ለልጆች ካልተከፈተ ግን መጥረቢያዬን ይዤ እመጣለሁ። ማጠፊያውን የመታሁት እኔ ነኝና የት ብመታው እንደሚገነጠል አይጠፋኝም፤ በመካከል ባይቆሙ ለጤናዎ ይበጃል።

ትዕግሥቱን በርስዎ ደጅ ጨርሶ፣ አክብሮቱን ብቻ ያስተረፈ፣
ቲጃኒ፣ አናጢ
ሰኮሩ

ሳልረሳው፦ ልጅዎ ረይሃና ከኢሕሳን ጋር በአንድ ዴስክ ነው የምትቀመጠው። ትናንት በሱቄ በኩል ስታልፍ ሆዷን ይዛ፣ ፊቷ ገርጥቶ አየኋት። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ደግሞ አደራ፣ እሷን አይግረፏት።