አራት የመጋረጃ ብረቶች

ውድ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለጋሼ ሰጥተሽ አታስነብቢው። ጋሼ ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ይሄኛው ነገር ግን ያንቺና የኔ ብቻ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ብትቀዳድጂውም ብታስቀምጪውም ያንቺ ፈንታ ነው።

ትናንት ጋሼ ደውሎልኝ ነበር። «እማዬ ለምርመራው አልሄድም ብላለች፤ ጉልበቴን ያመኛል ነው የምትለው» አለኝ። የዛሬ ሁለት ወር ጉንፋን ነበር ምክንያቱ። ከዚያ በፊት ደግሞ የቤቱ ቀለም እስኪደርቅ ተባለ። እማዬ ሙች፣ አርባ ዓመት አዋላጅ ሆነሽ የሠራሽ ሴት፣ በክረምት ጭቃ በእግርሽ እየሄድሽ ስንቱን ያዋለድሽ፣ አውሮፕላን ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ለመቀመጥ ጉልበት አጣሽ? ሐኪሟ በየስድስት ወሩ ትምጣ ብላ ነበር፤ ይኸው አሥረኛ ወራችንን ያዝን። በደወለች ቁጥር የምዋሻት እኔ ነኝ። ባለፈው «እንዲህ ዓይነት በሽታ ቀጠሮ አያከብርም፤ እኛ ነን ማክበር ያለብን» አለችኝ።

ጉልበትሽ አይደለም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ የፍተሻ በር ላይ የሆነው ነው። ከሆነውም ውስጥ እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ ያልነገርኩሽ የኔ ድርሻ አለ። እሱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እኔ ቤት ሦስት ወር ስትከርሚ፣ ሆስፒታል የሰጡሽን ሰው ሠራሽ ጡት «ጎማ ነው፣ ያልበኛል» ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ወረወርሽው። እኔም መጋረጃ ሰፊ ነኝና «እኔ እሠራልሻለሁ» አልኩ። ለስላሳ ጨርቅ መርጬ ሰፋሁ፣ ጥጥ ሞላሁበት። ግን ቀለለ። ስትራመጂ ወደ አንገትሽ ይወጣል፣ አንዱ ትከሻሽ ከፍ ሌላው ዝቅ ይላል። መስተዋት ፊት ቆመሽ «ሚዛኗ የተዛባባት ነጋዴ መሰልኩ እኮ» ስትይ አብረን ሳቅን። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ውሃውን ከፍተሽ ቆየሽ። ውሃው ለምን እንደተከፈተ የማላውቅ መሰለሽ?

እኛ መጋረጃ ሰፊዎች ጨርቁ እንዳይንሳፈፍ፣ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ፣ በታችኛው እጥፋት ውስጥ ትንንሽ ክብ ብረቶች እንሰፋለን፤ ማክበጃ ነው የምንላቸው። በማግስቱ ከሱቅ አራቱን አምጥቼ በጨርቅ ጠቀለልኩና ጥጡ መሀል ቀበርኳቸው። ስታደርጊው ትከሻሽ እኩል ሆነ። ደጅ ወጥተሽ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደሽ ተመለስሽ። «ምን አድርገሽበት ነው?» ስትይኝ «የሙያ ምስጢር ነው» ብዬ ቀለድኩ። ያልነገርኩሽ «ደግሞ እኔን መጋረጃ አደረግሽኝ?» ብለሽ ሰው ለመጣ ቁጥር እንዳታወሪብኝ ነው። ለዚህች ስል ነው፣ ለሌላ አይደለም። በር ይጮሃል፣ ፍተሻ አለ፣ የሚለው ነገር በሐሳቤ ጫፍ እንኳ አልመጣም። ሃያ ዓመት ሙሉ ብረት ለኔ ጨርቅ የሚያቃና ነገር ነው፤ ሌላ ምን ይታየኝ?

ወደ ጋሼ ቤት ልመልስሽ የሄድንበትን ጠዋት እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ጫማችንን፣ የኔን ቀበቶ፣ ያንቺን ሰዓት ሳጥን ውስጥ ከተትን። እኔ ቀድሜ አለፍኩ፣ በሩ ዝም አለ። አንቺ ስታልፊ ጮኸ። መልሰው አሳለፉሽ፣ ጮኸ። ባለ ሰማያዊ ጓንቷ ፈታሽ ያንን የእጅ መሣሪያ ደረትሽ ላይ ስታደርገው ጅራቱን እንደረገጡት ድመት ጮኸ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ብረት አለዎት?»

«የለም ልጄ።»

«ይምላሉ?»

«እምላለሁ። ታምሜ ጡቴን ተቆርጬ ነው። ያለው ጥጥ ነው።»

ይህን ለሷ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የነገርሻት። እሷ ዞር ብላ ለባልደረባዋ «ጥጥ ነው ይላሉ! ጥጥ ይጮሃል እንዴ?» አለች። ሰልፉ በሙሉ ሰማ።

«ለብቻ የሚፈተሹበት ክፍል የለም?» አልሽ።

«አለ፣ ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው። ኃላፊው ደግሞ ቁርስ ወጥቷል። አያካብዱት እማማ፣ ሁላችንም ሴቶች ነን።»

አራት እርምጃ ራቅ ብለው ሁለት ወንድ ጥበቃዎች ቆመዋል። ከሰልፉ ግማሹ ወንድ ነው። ሁላችንም ሴቶች ነን ትላለች! ከዚያ እጇን አስገባች። የሰው ጫማ ሶል ስትዳብስበት በነበረው በዚያው ጓንት። ጠባሳሽ ገና ሲነኩት የሚያምሽ ጊዜ ነበር፤ ከንፈርሽን ስትነክሺ አየሁ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ አንቱታዋ ነው። «ይታገሡ»፣ «እጅዎን ያንሡ» እያለች ነው ያዋረደችሽ። አፏ አክብሮሽ እጇ እንደ ዕቃ በረበረሽ።

አወጣችው። ሳጥን ውስጥ ብቻውን አድርጋ ሻንጣ የሚያሳልፈው ማሽን ውስጥ ገፋችው። በአንድ ሰው ቦት ጫማና በአንድ ኮምፒውተር መካከል ሆኖ በዚያኛው በኩል ወጣ። ሳጥን የሚሰበስበው ሰውዬ አነሣውና አገላበጠው።

«ይሄ የማን ነው?»

ዓይኑን በሰልፉ ላይ አንከራተተ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ደግሞ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ። አንዱ ከኋላ ሳቀ።

እማዬ፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። እያንዳንዱን ስፌት በራሴ ጣት የሠራሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀው ሥራዬ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ወደኔ እንዳያይ ፈራሁና ጫማዬን እንደሚያስር ሰው አጎነበስኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አየሽኝ፤ እንዳየሽኝም አውቃለሁ።

አንቺ አንድ እግርሽን ብቻ ተጫምተሽ፣ በክንድሽ ደረትሽን ሸፍነሽ፣ በሰው መሀል አልፈሽ መጣሽ። «የኔ ነው» አልሽው።

ሰውዬው ሊሰጥሽ ሲል ፈታሿ ነጠቀችው። ከመንገደኛ የተወረሱ መቀሶች ከተጠራቀሙበት ዕቃ አንዱን አነሣችና ስፌቱን ቀደደችው። አራቱ ብረቶች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ።

«ይኸው! ሲምሉ አልነበረም? ማን ነው ይሄን የሰፋው?»

አንድ ጊዜ አየሽኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

«እኔው ነኝ» አልሻት። «እኔው ራሴ ነኝ የሰፋሁት። ረስቼው ነው።»

አንቺ! በዕድሜሽ ቁልፍ ሰፍተሽ የማታውቂ፣ ቀሚስሽ ሲተረተር በመርፌ ቁልፍ አያይዘሽ ሥራ የምትሄጂ! «እኔ የምሰፋው ሰው ነው፤ ጨርቁን ለልጄ ትቻለሁ» እያልሽ ጎረቤቱን ስታስቂ የኖርሽ! ያኔ ቢያንስ «ውሸቷን ነው» ማለት እችል ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ዝም ብዬ ስንት ነገር እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የአብዬን እከክ እምዬ ላይ ልክክ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ወስደው «ብረት ደብቄ ለማሳለፍ ሞክሬአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አስፈረሙሽ። በሺህ የሚቆጠር ሕፃን የልደት ወረቀት የፈረመ እጅ ነው እንዲያ የፈረመው።

አውሮፕላኑ ላይ ጥጡን በላስቲክ ከረጢት ይዘሽ ጭንሽ ላይ አስቀመጥሽው። ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ «መስኮቱ ጋ አንቺ ተቀመጪ፣ ደመና ማየት ትወጃለሽ» አልሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። በጥፊ ብትመቺኝም ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ አየር ጸባይና ስለ ጋሼ ልጆች ብቻ ነው የምናወራው።

ስመለስ ለአውሮፕላን ማረፊያው አቤቱታ ጻፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሦስት መስመር መልስ መጣ፦ ፍተሻው በአሠራሩ መሠረት ተከናውኗል፣ ለትብብርዎ እናመሰግናለን። የምን ትብብር? ጽፌ የነበረው ስለ ጓንቱ፣ ስለ ክፍሉና ስለ ሳጥኑ ነው። የሰፋሁት እኔ እንደሆንኩ ግን ያኔም አልጻፍኩም፤ ፈራሁ።

ትናንት ጋሼ ስልኩን እንደዘጋ ፍርሃቱ ወጣልኝ። ዛሬ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ቢሯቸው ሄድኩ። የቢሮው ኃላፊ ደግ ፊት ያለው፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ሰውዬ ነው። «ብረቱን የከተትኩት እኔ ነኝ። እናቴ አታውቅም ነበር። የማለችው እውነቷን ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ጥፋቱ የእርስዎ ነዋ» አለ ፈገግ ብሎ፣ እንደተገላገለ ሰው።

ተነሣሁ። እማዬ፣ የሰውዬው ጸሐፊ ከውጭ በሩን እስክትከፍት ድረስ ነው የጮኽኩት። «ብረቱ የኔ ጥፋት ነው! ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቁርስ የወጣው ግን እኔ አይደለሁም። በጫማ ጓንት ቁስል የነካሁት እኔ አይደለሁም። የሰው ገላ በሳጥን አድርጌ ይሄ የማን ነው ያልኩት እኔ አይደለሁም። እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ የሴት ገላ ስትነካ ኖራለች። አንድም ቀን እጇን ሳትታጠብ፣ አሽታ ሳታሞቅ፣ ልንካሽ ወይ ብላ ሳትጠይቅ ነክታ አታውቅም። ምጥ የያዛትን ሴት እንኳ ትጠይቅ ነበር! ያቺ የእናንተዋ ምን አጣድፏት ነው?»

ሰውዬው ፈገግታው ጠፋ። «ደንቡ ላይ እኮ ለብቻ ክፍል የመጠየቅ መብት አለ፤ ፈታሿም ቁልፉ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባት» አለኝ፣ ጥፋቱ የደንቡ እንዳልሆነ ሊያስረዳኝ። «እስቲ ያሳዩኝ» አልኩ። አሳየኝ። ገልብጬ ይዤዋለሁ። ከዚያ ወረቀት ተቀብዬ «የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ የፈረመችው እኔን ለማዳን ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ካንቺው ወረቀት ጋር እንዲያያዝ አድርጌ ማኅተም አስመታሁበት። ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ አጣጥፈሽ መታወቂያሽ ጋ አድርጊው። ይቅርታ ግን አልጠየቁም። እንደማይጠይቁም ገብቶኛል።

አሁን ስሚኝ። አዲስ ሰፍቼልሻለሁ። ለክብደቱ ብረት ሳይሆን የብርጭቆ ዶቃ ነው ያደረግሁበት፤ በኩሽና ሚዛን ከአራቱ ብረት እኩል እስኪሆን እየጨመርኩ። ከዚህ ወዲህ የሙያ ምስጢር የሚባል ነገር የለንም፤ የገባበትን ሁሉ ነገርኩሽ። የእኛ ሰፈር ባንክም እንደዚያው የሚጮህ በር አለው። ጡትሽን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ሦስት ጊዜ አለፍኩ፣ አልጮኸም። ጥበቃው «እህቴ፣ ገንዘብ ልታስገቢ ነው ወይስ በራችንን ልትመርቂ?» አለኝ። ምን እንደያዝኩ ነገርኩት፣ በሰው ፊት፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ሰውዬው አንገቱን ደፋና «እናትሽን ይማርልሽ» አለኝ።

በሚቀጥለው ወር ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሐኪሟ ቦታ ይዛልሻለች። እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ። በመጀመሪያ ስለካሽ እኔም አልጠየቅኩሽም ነበር፤ ሜትሬን እንደ መስኮት ነው የዘረጋሁብሽ። አሁን እጄን አሙቄ ልንካሽ ወይ እልሻለሁ፤ አይ ካልሽም አይ ነው። ጉዞውን ግን እሺ በይኝ እማዬ። ለነሱ በር ብለሽ ነፍስሽን አትስጫቸው፤ እስከ ዛሬ የወሰዱብሽ ይበቃቸዋል።

ከምርመራው በኋላ ወደ ጋሼ ስመልስሽ ያ በር ዶቃውንም ተቃውሞ ይጩህ፤ የጮኸ እንደሆነ እነሱ ክፍሉን እስኪከፍቱ አውሮፕላኑ ጥሎን ይሂድ። ሳጥን የሚሰበስበው ሰውዬም እዚያው ይኖራል። «ይሄ የማን ነው?» ለማለት አፉን ሲከፍት ገና፣ አንቺ አትነቃነቂ። መልሱን አሥር ወር ሙሉ ሳጠናው ነው የከረምኩት። የኔ ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እሷም እናቴ ናት።

ማሰሪያ የሌለው ጫማ ስታስር ያየሻት፣
ልጅሽ